ስለ ኮምጣጣ አፈር ሁሉም ሰው የሚረዳው ጽሑፍ እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ከስናን፣ ምሥራቅ ጎጃም

የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በወረዳችን የሰብል ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ገብስና ባቄላ እየከዳቸው ወደ እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል)፣ ወደ ድንችና ወደ ባሕር ዛፍ ሲዞሩ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ፣ ስለ አፈር ኮምጣጣነት ጽፌ ለአንድ መጽሔት ላክሁ። አዘጋጁ «ይህ የቢሮ ሪፖርት ነው» ብሎ መለሰልኝ። የጽሑፉ መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦ «የአፈር አሲዳማነት የንጥረ ነገሮችን ተደራሽነት በመገደብ የሰብል ምርታማነት እንዲያሽቆለቁል ያደርጋል።» ስሕተት አላየሁበትም። ነገር ግን ለአጎቴ ሳነብላቸው «ልጄ፣ ይህ ስለ እኔ ማሳ ነው የሚያወራው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የሚያወራውም በእርግጥ ስለ እርሳቸው ማሳ ነበር። ሳይንሱን ሳላዛባ እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ ከደብረ ማርቆስ፣ የሬዲዮ ዝግጅት አቅራቢ

ወንድሜ፣ ያ ዐረፍተ ነገር ሰውም ማሳም የለበትም፤ «ተደራሽነት» እና «ማሽቆልቆል» በዓይን የሚታዩ ነገሮች አይደሉም። ከሚታየው ይጀምሩ። ከአጎትዎ ማሳ አንድ የቀጨጨ ገብስ ነቅለው ሥሩን በጽሑፍዎ ያሳዩ፤ አጭርና ደንዳና ነው፣ ጫፉ ጠቁሯል፣ ጤነኛ ሥር የሚያወጣው ቀጫጭን ቅርንጫፍ የለውም። ያንን ያየ አንባቢ «ምን ነካው?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ሥሩን የጎዳውን አሉሚኒየም በስም የሚያነሡት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ቃልም ይጠንቀቁ። «አሲድ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው። «ኮምጣጣ» ይሻላል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ትርጉሙን ከፈቱ በኋላ እስከ መጨረሻው እርሱኑ ይጠቀሙ። ለቋንቋ ውበት ሲባል አንዴ አሲዳማ፣ አንዴ ኮምጣጣ፣ አንዴ ጎምዛዛ ከተባለ፣ አድማጭ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች የተነገሩት ይመስለዋል።

መልስ፦ ከቡሬ፣ የአፈር ምርመራ ባለሙያ

እኔ የምፈራው ጽሑፉ ቀላል እንዲሆን ሲባል እውነቱ እንዳይጎድል ነው። የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካበት የፒ ኤች መለኪያ እንደ ሜትር እኩል እየተከፈለ የሚሄድ አይደለም፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ከ5.5 ወደ 4.5 የወረደን ማሳ «በመጠኑ ቀንሷል» ብሎ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው። 5.5 የምትለዋን ቁጥር ከጠቀሱም ለምን እንደጠቀሷት ይንገሩ፤ ከእርስዋ በታች በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን መጉዳት ይጀምራል፣ ፎስፈረሱም በአሉሚኒየምና በብረት ስለሚያዝ ለሰብሉ አይደርስም። ገበሬው ማዳበሪያ ጨምሮ ለውጥ ያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«ማዳበሪያ መሬታችንን ገደለው» የሚል ርእስም እንዳያጓጓዎት እለምንዎታለሁ። ደጋው ላይ ለዘመናት የወረደው የክረምት ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዷል፤ እህሉም ገለባውም በየዓመቱ ከማሳ ይወጣል፤ ዩሪያ ደግሞ በአፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ሃይድሮጅን ስለሚለቅ ነገሩን ያፋጥነዋል። ሦስቱን አብረው ካልጻፉ፣ ያነበበ ገበሬ ማዳበሪያውን ትቶ በሁለት በኩል ይጎዳል።

ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰውን ኖራ ሲያነሡም የትኛው ኖራ እንደሆነ ይለዩ። የግብርና ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለግድግዳ የሚሆነው ግን በእሳት ከተቃጠለ ድንጋይ ስለሚሠራ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።

መልስ፦ ከቢቸና፣ የሒሳብ መምህር

ቁጥሩን በገበሬው መለኪያ ይንገሩት። ለምሳሌ «ኖራ በሄክታር 2 ቶን» የሚለው፣ ሩብ ሄክታር ለሆነችው አንዲት ቃዳ 5 ኩንታል ነው፤ ኩንታል ሲባል ሰውዬው ስንት አህያ እንደሚጭን ወዲያው ያሰላል። ትክክለኛው መጠን ግን በእያንዳንዱ አፈር ምርመራ የሚወሰን መሆኑን እዚያው ይጻፉ።

መልስ፦ ከደምበጫ

ምሳሌ ከሩቅ አገር አያምጡ። በዚሁ በጎጃም የአንጀኒ ተፋሰስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዝናብ፣ የጎርፍና የአፈር መሸርሸር መጠን ሲለካበት የኖረ ቦታ ነው። ስለ አፈር ጥበቃ የሚጽፍ ሰው የዚያን እርከን በእግሩ ቢያየው ጽሑፉ ይለወጣል።

ጠያቂው ተመልሶ፦ ከስናን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጀመሪያውን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «በሐምሌ የአጎቴ ገብስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አንዱን ነቅለን ጭቃውን ብናራግፈው ሥሩ ከጣት አይረዝምም ነበር። ዝናብ አልጎደለም፣ ማዳበሪያም ተጨምሯል፤ ሥሩን ያቀጨጨው ከአፈሩ ውስጥ ነበር።» ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ግን «ኖራውን ዛሬ ብበትን ሥሩ መቼ ነው የሚድነው?» አሉኝ፤ ጽሑፌ ውስጥ መልሱ አልነበረም።

መልስ፦ ከቡሬ፣ የአፈር ምርመራ ባለሙያ

እንግዲያው ሁለተኛውን አንቀጽ በእርሳቸው ጥያቄ ይጀምሩት። ኖራ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ለመሥራት እርጥበትና ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ከዘር ሳምንታት አስቀድሞ ተበትኖ በእርሻ መግባት አለበት፤ የቆመ ገብስ ላይ ቢበተን የዘንድሮውን ሥር አያድንም። ጥቅሙም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል፤ ዝናቡ ማጠቡን ስለማያቆም ግን አፈሩ እንደገና መመርመር ይኖርበታል።