ካታሊና 22 የሸራ ጀልባ ያላችሁ፦ ነፋስ ሲበረታ መሪው ለምን ይከብዳል?

ባለካታሊና፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመጋቢት አንዲት አሮጌ ካታሊና 22 ገዛሁ። የ1978 ሥሪት ናት። ኪሏ፣ ማለትም ከሥሯ ወደ ውሃው የሚወርደው ከባድ ብረት፣ በሽቦ ገመድ ከፍ ዝቅ ይላል። የመረጥኳትም ለዚሁ ነው። እዚህ አሜሪካ የምወጣበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አማካይ ጥልቀቱ 7 ሜትር አይሞላም፤ እሷ ደግሞ ኪሉ ሲነሳ 60 ሴንቲ ውሃ ይበቃታል።

ነፋሱ እስከ 10 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ድረስ ጨዋ ናት። ከ14 ካለፈ ግን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። መሪውን በሁለት እጄ ይዤም እንደ እምቢተኛ በቅሎ ትጎትተኛለች። ሲብስብኝ የፊቱን ሸራ አወርዳለሁ። ቅዳሜ ዕለት አናፖሊስ አጠገብ በጣም አጋደለችና ባለቤቴ በፔርሙዝ ይዛው የመጣችው ቡና ልብሷ ላይ ፈሰሰ። «ሁለተኛ አልመጣም» ብላ ወረደች።

የሸጠልኝ ሰው ምሰሶውን ወደ ፊት አዘንብለው ይላል። ሌላው ኪሉን ቀይረው ይላል። ዋጋው ጀልባዋን ከገዛሁበት ይበልጣል! ደግሞ ኪሉ ወርዶ ፍጥነት ስትይዝ ከሥር እንደ ንብ ቀፎ የሚያንዛርር ድምፅ አለ። ያሰጋል?

የቨርጂኒያዋ፦
ንቡን እርሳው፣ የኪሉ ሽቦ ነው። ውሃው ሲያልፍበት እንደ ክራር ይርገበገባል። ሽቦውን ግን በየዓመቱ እየው፤ 250 ኪሎ ገደማ ብረት ነው የተንጠለጠለበት።

ራደርህ (ከመሪው ጋር ተያይዞ ውሃው ውስጥ የሚገባው ሰሌዳ) የሚታጠፍ ዓይነት ነው? ከሆነ ሙሉ በሙሉ መውረዱን አረጋግጥ። ትንሽ ወደ ኋላ ከተነሳ መሪው ድንጋይ ይሆናል። እኔ አንድ በጋ ሙሉ ታግዬ ችግሩ የላላ ገመድ ሆኖ አገኘሁት። ከሁሉም በፊት ምሰሶውን የያዙት ሽቦዎች የ1978 ከሆኑ ቀይራቸው። በዚህ አልቀልድም።

የምፅዋው፦
ልጄ፣ የምታወርደው የተሳሳተውን ሸራ ነው። የፊቱ ሸራ አፍንጫዋን ከነፋሱ ያርቃል፤ የኋላው ወደ ነፋሱ ይገፋል። የፊቱን ብቻ ስታወርድ ለኋላው ፈረድክለት ማለት ነው። 12 ኖት ላይ ትልቁን የኋላ ሸራ አንድ ደረጃ እጠፈው። የፊቱንም በትንሽ ቀይረው እንጂ ባዶ አታድርገው።

ማጋደሉም ራሱ ያዞራታል። ስታጋድል ሸራው ከጀልባዋ አካል ውጭ ይወጣል፤ ጉልበቱም በጎን ሆኖ ይጠመዝዛታል። ሸራህ አርጅቶ ሆዱ እንደ ከረጢት ከተነፋ ደግሞ ይብሳል። የታችኛውን ጠርዝ ወጥረህ አሳሳው። ምፅዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ የሳንቡክ (የቀይ ባሕር የሸራ ጀልባ) ሰዎችን አይ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ማንም ሳይነግራቸው ሸራ ያሳንሳሉ። እኛ ዩኒፎርም ለባሾቹ ነበርን የምንኮራው።

ምሰሶውን መጨረሻ ላይ ንካው። ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ።

ባለካታሊና፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺም ልክ ነሽ፤ የራደሩ ገመድ አራት ጣት ያህል ላልቶ ነበር። ሸራ ማጠፉን መጀመሪያ እዚያው እንደታሰረች ሦስቴ ተለማመድኩ። እሁድ በ15 ኖት ወጣሁ። በአንድ እጅ ነዳኋት! የገረመኝ ፍጥነቱ ነው፤ ሸራው አንሶም ያው 5 ኖት። ሽቦዎቹን አዝዣለሁ።

ባለቤቴ ገና አልታረቀችም። ፔርሙዟን ግን ጀልባው ውስጥ ትታዋለች፤ እኔም አላነሳሁትም።