ልጄ ዓይኗን ትናገር ወይስ ትደብቅ?

ከፍኖተ ሰላም፦

በየአገሩ ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሁለተኛዋ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ ደካማ ነው። ከጥቂት ክንድ ርቆ የቆመን ሰው መልክ አትለይም፤ መጽሐፍ የምታነበውም አፍንጫዋን ገጹ ላይ ደፍታ ነው። እንዲያም ሆኖ በሶሲዮሎጂ በማዕረግ ተመርቃለች። አሁን ደግሞ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ትምህርት እንደተቀበሏት የሚገልጽ ደብዳቤ መጥቶላታል።

ቤታችን የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። እናቷ «ችግሯን ካወቁ ይመልሷታል፤ ዝም ብላ ትሂድ» ትላለች። እኔ ደግሞ ከሄደች በኋላ ብቻዋን ስትቸገር ይታየኛል። ማመልከቻው ላይ አልጠየቋትም፣ እሷም አልተናገረችም። ትናገር? ለማንና መቼ? እኔ አባቷ ብጽፍላቸውስ ይሻል ይሆን? ኔትወርክ የምናገኘው እየተቆራረጠ ስለሆነ መልሳችሁን ዘርዘር አድርጉልኝ።

ከሚኒሶታ፦

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሞጣ ልጅ ነኝ። የእኔም ዓይን እንደ ልጅዎ ነው፤ ስለዚህ በሰማሁት ሳይሆን በደረሰብኝ ልመልስልዎ።

ትናገር። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም፣ በሁሉም ቦታም አይደለም።

እኔ ዝም ብዬ ነበር የመጣሁት። ሞጣ ስማር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ እያንሾካሾከ ያነብልኝ ነበር፤ መምህራኑም ያውቁ ነበር፣ ማንም ቃል አይናገርም። እዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ላይ መምህሩ አንድ ጥያቄ ስሕተት ስላለበት ማስተካከያውን ሰሌዳ ላይ ጻፈ። እኔ አላየሁትም። እንደ ልማዴ ወደ ጎኔ ዘንበል ብዬ «ምን ይላል?» አልሁ። ወረቀቴ ወዲያው ተነሣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በኩረጃ ተከስሼ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ በማስጠንቀቂያ ታለፍሁ፤ የፈተናው ዜሮ ግን እንዳለ ቀረ። የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቢሮ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ በየቀኑ በበሩ አጠገብ አልፍ ኖሯል። ዜሮው ይነሣልኝ ብዬ ብጠይቅ፣ ድጋፉ ከተጠየቀበት ቀን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይሠራ ተነገረኝ። ይህ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ክፋት አይደለም፤ አሠራሩ በሌላውም ቦታ ያው ነው።

የቢሮዋ ሴትዮ «ምን ያስፈልግሃል?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደመለስሁ ልንገርዎ? «ምንም አያስፈልገኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ዜሮ ታቅፌ! ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል። ማዕድ ቀርቦልን ሦስት ጊዜ ካልተለመንን እጃችንን የማንዘረጋ ሰዎች ነን። እዚህ አገር ግን የሚጠይቁት አንድ ጊዜ ነው፤ አይ ካሏቸው መዝገቡን ዘግተው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ።

አሁን ወደ እናቷ ስጋት። በእ.ኤ.አ. 1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች አካል ጉዳተኛን እንዳያገልሉና እንዲያመቻቹለት ያስገድዳሉ። ሕጉ ተማሪው ዜጋ ነው አይደለም አይልም፤ በተማሪ ቪዛ የመጣችም ትጠቀማለች። ዩኒቨርሲቲው ከመቀበሉ በፊት ስለ አካል ጉዳት መጠየቅ በመርሕ ተከልክሏል፤ ያልጠየቋትም ለዚህ ነው። ስለዚህ አልዋሸችም። ከተቀበሏት በኋላ ለቢሮው ብትናገር ደግሞ በዚያ ምክንያት መቀበላቸውን መሰረዝ አይችሉም። የቪዛው ቅጽ ላይ ስለ ጤና የሚጠይቅ መስመር ያጋጥማታል። ጥያቄው ግን ለራሷ ወይም ለሌላ ሰው ደኅንነት አስጊ የሆነ ሕመም አለባት ወይ የሚል ነው። የዓይን ድካም ለማን ያሰጋል? እውነቱን ትመልስ፣ አትጨነቅ።

የምትናገረው ለዚያ ቢሮ ብቻ ነው። ቢሮው ማስረጃዋን አይቶ ለየመምህሮቿ ደብዳቤ ይሰጣታል። ደብዳቤው «ይህች ተማሪ በፈተና ላይ እጥፍ ጊዜ ይሰጣት፣ ጥያቄው በኮምፒውተር ጎልቶ ይቅረብላት» ይላል እንጂ የበሽታዋን ስም አያነሣም። መምህሩም የመጠየቅ መብት የለውም። ድጋፉ በየሴሚስተሩ እንደገና ይጠየቃል፤ ባለፈው ሰጥተውኛልና ዘንድሮም ያውቁኛል ማለት አይሠራም። መጻሕፍቱን በኮምፒውተር በሚነበብ ቅጂ ያዘጋጁላታል፤ ይህ ግን ሳምንታት ይወስዳልና ኮርሱን በተመዘገበች ዕለት ትጠይቅ። እኔ አንድ ጊዜ አዘግይቼ ጠይቄ መጽሐፉ የደረሰኝ ከአጋማሽ ፈተናው በኋላ ነው።

ማስረጃውን ከዚያው ይዛ ትምጣ። እዚህ የዓይን ሐኪም ቀጠሮና ክፍያው ያስለቅሳል። ባሕር ዳርም ይሁን አዲስ አበባ፣ የዓይን ስፔሻሊስቱ በእንግሊዝኛ፣ በማኅተም እንዲጽፍላት ያድርጉ። የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ ከሰጣት አይረባትም። በመነጽር ታግዞም ቢሆን የእያንዳንዱ ዓይን የማየት ልክ ስንት እንደሆነ፣ ወደ ጎን የምታየው ምን ያህል እንደሆነ፣ እየባሰ የሚሄድ ይሁን ባለበት የቆመ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በንባብና በሰሌዳ ላይ ምን እንደሚያስቸግራት ይጻፍ። የእኛ ሐኪሞች 6/60 የሚሉትን አሜሪካኖች 20/200 ይሉታል፤ አንዱ በሜትር ሌላው በጫማ መለካቱ ነው እንጂ ልዩነት የለውም። የተሻለው ዓይን በመነጽርም ታግዞ ከዚያ ካላለፈ እዚህ በሕግ ዓይነ ስውር ይባላል። ቃሉ እናቷን እንዳያስደነግጣት። እኔን አስደንግጦኝ ነበር፤ ለራሴ ሞጣን ከዳር እስከ ዳር ብቻዬን የምዞር ሰው ነበርሁ።

የማይሰጡትንም ልንገርዎ። መነጽር፣ ነጭ በትር፣ ቤት ድረስ የሚያግዝ ሰው አይሰጡም፤ የግል ነገር ነው ይላሉ። ትምህርቱንም አያቀሉላትም። የጊዜው ርዝመት ይለወጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ከመምጣቷ በፊት ደግሞ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብላትን ፕሮግራም ትልመድ። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነጻ ይገኛል፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን አውርዱና ኮምፒውተሯ ላይ ጫኑላት። እኔ በአፍንጫዬ ማንበብ ክብር መስሎኝ በጆሮ መማርን እንደ ሽንፈት አየው ነበር። የሚገርመው፣ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ባሉበት አገር ተወልጄ እንዲህ ማሰቤ ነው። ቅኔ በቃል ተዘርፎ በቃል የሚነገርበት አገር! ዓይናቸው የማያይ የኔታ ደቀ መዝሙር እጃቸውን ይዞ እየመራቸው ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ «ልዩ ድጋፍ» ብሎ የጠራው የለም። በቃል ብቻ የተማረ ሊቅ እንጂ ጎዶሎ አልተባለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው ሰሌዳን የእውቀት በር ያደረገብን።

አንድ ጥብቅ ነገር ልጨምር። ትምህርቱ ከብዷት ኮርስ መቀነስ ከፈለገች ቢሮው ቢፈቅድላትም አይበቃም። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው የውጭ ተማሪዎችን ከሚመዘግበው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ኮርሱን ከመጣሉ በፊት ፈቃድ መቀበል አለበት። በጤና ምክንያት የሚፈቀደው በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ ከ12 ወር አይበልጥም፤ የሐኪም ደብዳቤም ይጠይቃል። ሳይነግሩ ኮርስ መጣል ቪዛውን ያበላሻል። ሁለቱ ቢሮዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ እንዳይመስላት።

እርስዎ ይጻፉላቸው? አይጻፉ፣ መምህር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮው አባት አያውቅም፤ ካላመለከተች፣ ራሷ ካልጠየቀች ጉዳዩ አይከፈትም። ውጤቷን እንኳን ያለ ፈቃዷ ለእርስዎ ሊያሳዩ አይችሉም።

ከቶሮንቶ፦

ወንድሜ እንዳለው ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ መስማት የተሳነው ልጅ አሳድጌ ኮሌጅ አስገብቻለሁ። እኔን ያመመኝ ያ ወላጅ የሚቀርበት ቦታ ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ትምህርት ቤቱ ራሱ እየደወለ ስብሰባ ይጠራኝ ነበር። ኮሌጅ ሲገባ ስልኩ ጸጥ አለ። መጀመሪያ የረሱን መስሎኝ ተናደድሁ። ስደውል «ልጅዎ ይደውልልን» አሉኝ፤ መስማት የተሳነውን ልጅ! በኢሜይል ማለታቸው እንደነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለምትልኩ አንድ ነገር ልንገር። አሜሪካና ካናዳ የሚሠራበት የምልክት ቋንቋ ከኢትዮጵያው የተለየ ነው። ኮሌጁ አስተርጓሚ ያቆማል፤ ልጁ ግን የአስተርጓሚውን ምልክት ካላወቀ ሁለት ሰው እያየ የማይሰማ ተማሪ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካውን ምልክት አስቀድሞ ይማር።

በገንዘብ በኩል፣ የካናዳ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ እርዳታ ለዜጎች፣ ለቋሚ ነዋሪዎችና ጥገኝነት ላገኙ ነው። በተማሪ ቪዛ የመጣ አያገኝም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለውን ድጋፍ ግን ያገኛል።

ከለንደን፦

የቡሬ ልጅ ነኝ፣ አጠር አደርጋለሁ። እንግሊዝም እንዲሁ ነው፤ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው አበል ለውጭ አገር ተማሪ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ግን በእ.ኤ.አ. 2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ ተገድዶ ያመቻቻል።

ነገር ግን ወንድሞቼ፣ አገሩን ገነት አታስመስሉባቸው። እኔ በክራንች ነው የምሄደው። ደብዳቤዬን ሰጥቼው ፊቱን ያጠቆረብኝ መምህር ነበር። የአንዱ ሕንፃ ሊፍት ሲበላሽ «ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል» እየተባለ ስንት ሳምንት ትምህርት አመለጠኝ። ሕጉ አለ፤ ሕጉን የሚያስከብረው ግን ተማሪው ራሱ ነው፣ በጽሑፍ፣ ቀን እየጠቀሰ። በቃል የተነገረ ነገር ጠፋ። ልጅትዮዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም በኢሜይል ታድርገው።

ከሚኒሶታ፦

የቡሬው እውነቱን ነው። ለመምህር ልጅ የሚሆን እጨምራለሁ፦ እዚህም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የአንቀጽ 504 አስተባባሪ የሚባል ሰው አለ፣ መጀመሪያ አቤት የሚባለው ለእሱ ነው። ካልሆነ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የዜጎች መብት ቢሮ ይጻፋል፤ በደሉ ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ መሆን አለበት።

ከፍኖተ ሰላም፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአራት ቀን መስመሩ ጠፍቶብን ነበር፤ ትናንት ሲመጣ ሁሉንም ለእናቷ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። የኩረጃው ታሪክ ላይ ስደርስ «ውይ ልጄን!» ብላ አስቆመችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ትበል የሚለውን ነገር አላነሣችም።

ከባሕር ዳር የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሰኞ እንነሣለን። ሐኪሙ የሚጽፈውን በወረቀት ዘርዝሬ ይዤለታለሁ፣ የጎን እይታዋንና የሰሌዳውን ነገር ጭምር። ፕሮግራሙንም ጎረቤት ያለ የኮምፒውተር ልጅ ጭኖላታል። ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አደረ፤ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ፍጥነቱ ነው፣ እሷ እንዴት እንደምትሰማው እንጃ።

ለቢሮው የሚላከውን ደብዳቤ እኔ ላርቅቅልሽ ብላት «አባዬ፣ አንተ አትጻፍ ተብሏል እኮ» አለችኝ። አሁን በሩን ዘግታ ራሷ እየጻፈች ነው።