ቡና ቤት ሲዘጋ፦ አዳማ ላይ ለሴቶቹ ምን ይቅደም?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ውስጥ በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶች የአቻ ለአቻ አስተማሪዎች ማሠልጠኛ እያዘጋጀሁ ነው። እንደ ኮሮናው ጊዜ ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ ቡና ቤትና ናይት ክለብ ቢዘጋ አስቀድሞ ምን መደረግ አለበት? እስካሁን የያዝኩት ማስክ፣ ሳኒታይዘርና አስቤዛ ነው። የጎደለውን ሙሉልኝ።

ሶደሬ_መንገድ፦
እህቴ፣ ከአስቤዛው በፊት ማደሪያ። ብዙዎቹ የሚያድሩት እዚያው በሚሠሩበት ቡና ቤት ጓሮ ወይም በየቀኑ በሚከፈልበት አልጋ ቤት ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሥራውም ማደሪያውም እኩል ይሄዳል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ተከራይ ማስወጣትንና ሠራተኛ ማሰናበትን ከልክሎ ነበር። ውል የሌላት፣ የደመወዝ መክፈያ ላይ ስሟ ያልሰፈረ ሴት ግን በምን ወረቀት ትከራከራለች? ስለዚህ በደህናው ጊዜ ከአልጋ ቤት ባለቤቶች ጋር የወር ዋጋ ተነጋገሩ፤ ሁለት መስመርም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። መታወቂያዋ ያለፈባትም አሁኑኑ ታሳድስ።

ዕቁቡንም አትርሺ። ያኔ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ገቢ ሲቋረጥ ቀድመው የደረሳቸው መክፈል ያቆማሉ፣ ኪሳራው ገና ያልደረሳት ላይ ይወድቃል። የሳምንት ዕቁብ በ10 ሰው ከሆነ በ10 ሳምንት ያልቃል፤ በ40 ሰው ግን 40 ሳምንት፣ ከ9 ወር በላይ ነው። ለነዚህ ሴቶች አጭሩ ይሻላል።

የፋርማሲ_ሰው፦
መድኃኒቱ ላይ ልጨምር። የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድና ቫይረሱ በደንብ በቁጥጥር ሥር የዋለላት ሴት የ6 ወር በአንዴ ልትወስድ ትችላለች፤ የእንቅስቃሴ ገደብ ሳይመጣ ክሊኒኳን ትጠይቅ። ችግሩ ማስቀመጫው ነው። ባለ 30 ፍሬ ከሆነ 6 ብልቃጥ ማለት ነው፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይንኳኳል። አንድ ክፍል ለአራት የሚያድሩት ሰው እንዳያውቅ ብለው ወደ ፌስታል ይገለብጡታል፤ እርጥበት ያበላሸዋል። እርጥበት የሚመጥጠውን ትንሽ ከረጢት ሳያወጡ በብልቃጡ ይሁን፤ አንዱ እሷ ጋ፣ የቀረው የምታምነው ሰው ዘንድ።

ፕሬፕ (ኤችአይቪ እንዳይይዝ አስቀድሞ የሚዋጥ መድኃኒት) የምትወስደው ደግሞ ደንበኛ ሲጠፋ ታቆምና ሥራ ስትጀምር በዚያው ቀን ተማምናበት ትወጣለች። ሲመለሱበት መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ሳይዘሉ 7 ቀን መዋጥ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ኮንዶም ግድ ነው። ኮንዶም ከተቀደደ ወይም ከተደፈረች ከአደጋው በኋላ የሚሰጠው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ታክሲ በግማሽ ሲጭን ታሪፍ ስለሚጨምር የባጃጅ ሒሳብ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሰዓቱ የሚያልፈው መንገድ ላይ ነው።

ገልመ፦
ኮንዶም የሚቀመጠው ቡና ቤትና አልጋ ቤት ነው፤ እነሱ ሲዘጉ ማከፋፈያውም አብሮ ይዘጋል። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ግን በገደቡም ጊዜ አልቆመም፤ ሥራውም ጨርሶ አይቆምም ማለት ነው። ደንበኛ ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል፣ «ያለ ኮንዶም ልጨምርልሽ» የሚለውም ይበዛል። ስለዚህ ኮንዶሙን ፀጉር ቤትና ሰፈር ሱቅ አስቀምጡ፣ ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ ግን አርቁ። ቫዝሊን የኮንዶሙን ላስቲክ (ላቴክስ) እንደሚያዳክመውም ንገሯቸው፤ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ አብሮ ይሰጥ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዲፖ መርፌ (በየ3 ወሩ የሚወጋው የእርግዝና መከላከያ) ቀኗ ካለፈባትስ?

የፋርማሲ_ሰው፦
ከ3 ወር ቀጠሮዋ እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም ትወጋለች። ክሊኒክ ሊዘጋ ነው ከተባለ 2 ሳምንት አስቀድሞም ይቻላል። ከ4 ሳምንቱ ካለፈ ግን መጀመሪያ እርጉዝ አለመሆኗ ይጣራ፣ ከተወጋችም በኋላ ለ7 ቀን በኮንዶም ትጠቀም።