የእንግዶችን ስም በትክክል ለመጥራት እርዳታ እጠይቃለሁ
የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተበት ከአፍሪካ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ ቢሮ፣ የስብሰባ ተሳታፊዎችን ስም እየጠራሁ ለታዳሚ አስተዋውቃለሁ። ለእንግዳ ስሙን አስተካክሎ መጥራት ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። በጣም የተቸገርኩት እንደ ንቆቢሌ ባሉ የዙሉ ስሞች ነው፤ በላቲን ፊደል «ኪው» ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ ምላስን ከላንቃ በማላቀቅ የሚፈጠር ጠቅታ በመሆኑ የእኛ «ቀ» ፈጽሞ አይተካውም፤ ለብቻው ሲሆን ባወጣውም፣ ከ«ን» ጋር ሳገናኘው ግን ይቋረጥብኛል። ግቤንጋን በመሳሰሉ የዮሩባ ስሞችም «ግ» እና «ብ» በአንድ ጊዜ መነገር አለባቸው፤ የቋንቋውን ሦስት የድምፅ ከፍታዎች ደግሞ ፊደላችን አያሳይም። እነዚህን ቋንቋዎች የምትናገሩ ወይም ያጠናችሁ ወገኖች፣ የምላስና የከንፈርን አቀማመጥ በዝርዝር ብታስረዱኝ፣ ቢቻል ደግሞ ስሞቹን ቀስ ብላችሁ በመጥራት ድምፃችሁን ቀርጻችሁ ብትልኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።