ለጌኮዬ ምን ላንጥፍላት?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ።

አንዲት ሌኦፓርድ ጌኮ አለችኝ፤ ያቺ ነጠብጣብ ያለባት እንሽላሊት። ስትመጣ ሳጥኗ ውስጥ የጥድ ሰጋቱራ ተነጥፎ ነበር። ሽታው ደስ ስለሚለኝ አልነካሁትም። ለካ ያንን ሽታ የሚሰጠው ዘይት ለመተንፈሻዋ ጥሩ አይደለም! አውጥቼ ጣልኩት። አሸዋ ላደርግ ስል ደግሞ ነፍሳት ስታድን አብራ ውጣው አንጀቷን ሊዘጋው ይችላል አሉኝ። አሁን ሶፍት ላይ ናት። ንጹሕ ነው፣ ሲቆሽሽ ቶሎ ይቀየራል። ግን መቆፈር ትወዳለች። ሶፍቱን በከንቱ ስትቧጥጥ ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች።

ዋናው ጭንቀቴ ሌላ ነው። ባለፈው ቆዳዋን ስትቀይር ጣቶቿ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከቆየ ደም አግዶ ጣት ሊያሳጣት ይችላል። ለብ ባለ ውሃ አርሼ፣ በጥጥ ቀስ እያልኩ አላቀቅኩት። እርጥበት ልጨምር ብዬ ውሃ ስረጭ ግን ሶፍቱ ይሸታል።

ወለሉ በሞቃቱ በኩል 33 ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው 25 ነው። ማሞቂያው ከሥር ነው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለው። መደበቂያዋ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሞቃቱ ጋ።

ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አድርጌ ሁለተኛ መደበቂያ ብሠራላት ለቆዳው ይበቃል? የት ላስቀምጠው? አፈርና አሸዋ ቀላቅላችሁ ያነጠፋችሁስ አላችሁ? ንጣፉ ሲወፍር የሥሩ ሙቀት አልታፈነባችሁም? ወይስ ማሞቂያውን ከላይ በሚበራ አምፖል ቀየራችሁት?