የእናቴ እንቅርት፣ አሁን ደግሞ እህቴ፦ ዘር ነው ወይስ ጨው?

የደላንታ ልጅ፦
ሰላም ወገኖቼ። እናቴን ከማውቃት ጀምሮ አንገቷ ላይ እንቅርት አለ። አክስቴም አለባት። ሰፈራችን የተለመደ ስለሆነ ማንም እንደ በሽታ አይቆጥረውም። አሁን ግን እህቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ እሷም አንገቷ ማበጥ ጀምሯል። እናቴ «ዘራችን ነው» ትላለች፣ ጎረቤት ደግሞ ይበጣላት እያሉ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን ፈራሁ። የምንበላው ገበያ ላይ እየተሰፈረ የሚሸጠውን የአፋር ጨው ነው፣ አጥበን ፈጭተን። እውነት ከምግብ ይመጣል? ጎመንስ ትተው?

ነርሷ ከደሴ፦
ኸረ ወንድሜ፣ እንዳታስበጣት! አንገት ላይ ትልልቅ የደም ሥር አለ፣ መመረዙም አለ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥረው ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ እጢ ሥራ ሥራ እያለች ትወተውተዋለች፣ እሱም ያለችውን ለመልቀም እየሰፋ ይሄዳል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው። ዘርም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል፣ ግን እናትህም አክስትህም እህትህም የበሉት ያንኑ መሬት ያበቀለውን ነው። የደጋችንን አፈር ዝናብ ስንት ዘመን ሲያጥበው ኖሯል፣ አዮዲኑም አብሮ ስለሚወርድ እህሉ ላይ ብዙ አይገኝም። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ ነፍሰ ጡር ግን 250 ትፈልጋለች። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የልጁ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትሉ የታይሮይድ የደም ምርመራ ታድርግ። ጎመኑን ቀቅላችሁ ብሉ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

የባቲ ሰው፦
እኛም ቤት ጨው ይታጠብ ነበር። አዮዲኑ የሚረጨው ጨው ላይ ስለሆነ ስታጥቡት አብሮ ይሄዳል። «አዮዲን ያለው» የሚል የታሸገ ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት። ወጡ ላይም መጨረሻ፣ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ወልድያ ነኝ፦
አንድ ልጨምር። የእናትህ የቆየ ስለሆነ ጨው በመቀየር ብቻ ላይጠፋ ይችላል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ሐኪም ይያት። ደግሞ አደራ፣ አዮዲን ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትሰጧት። የቆየ እንቅርት ድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይከሳል።

የደላንታ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እናቴን ቁጭ አድርጌ አነበብኩላት፣ መብጣቱ ቀርቷል። ነገ ሁለቱንም ይዤ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።

ነርሷ ከደሴ፦
አብሽር ወንድሜ። የእህትህን የደም ማነስም አብረው ይዩላት፣ ብረት ሲያንስ ያው እጢ አዮዲኑን በደንብ አይጠቀምበትም። ውጤቱን ጻፍልን።