ቨርጂኒያ ላይ «ሪክለስ» የሚል ቲኬት ይዣለሁ፣ ኦንላይን አልከፈል አለኝ

ጠያቂው፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እዚህ አገር ከገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው እሑድ ከሪችመንድ ክርስትና በልተን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንመለስ 95 አውራ ጎዳና ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። የመንገዱ የፍጥነት ገደብ በሰዓት 65 ማይል ነው፣ እሱ ግን 88 ስትነዳ ይዤሃለሁ አለኝ። እንደ አገር ቤት ወርጄ ላናግረው በሩን ስከፍት በድምፅ ማጉያ ጮኸብኝ፤ ባለቤቴ ክንዴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ቀጥሎ ወረቀት አምጥቶ «ፈርም» አለኝ፣ ፈረምኩ። ጥፋቴን ያመንኩ እየመሰለኝ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።

ገንዘቡን ከፍዬ ልገላገል ብዬ ኦንላይን ስገባ ይሄ ክስ አይከፈልም፣ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ ይላል። እኔ አገር ቤት እያለሁም የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የጥገኝነት ጉዳዬም ገና ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ለእናቴ ደውላ «ተከሰሰ» ብላት ደሴ ላይ ለቅሶ ሊቀመጡ ነው። ምን ላድርግ? ጠበቃስ ያስፈልገኛል ወይ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ምንም አይደለም። እኔም አምና ይዘውኝ በ30 ቀን ውስጥ ከፍዬ ተገላግያለሁ። ፍርድ ቤት የሚባለው ማስፈራሪያ ነው።

የድሮው ታክሲ ነጂ፦

የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ፣ ያንተ ሜሪላንድ ነው፣ የሱ ቨርጂኒያ ነው። ወንዙን ስትሻገር ሕጉም ይቀየራል። ዲሲ ከሆነ እንዲያውም ፍርድ ቤት የለም፣ የቲኬቱን ክርክር የሚሰማው ራሱ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ነው። እባካችሁ ሰውን አታሳስቱ።

ጠያቂው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ፊርማው ልንገርህና ተኛ። የፈረምከው በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ብለህ ነው እንጂ አጥፍቻለሁ ብለህ አይደለም።

ሁለተኛው ግን ቀላል አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፍክ፣ ወይም መንገዱ ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ ከነዳህ ነገሩ ተራ የፍጥነት ቲኬት መሆኑ ቀርቶ «ሪክለስ ድራይቪንግ» (በግድየለሽነት መንዳት) ይሆናል። አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር፣ አንተ ሁለቱንም አሟልተሃል። (እስከ 2020 ሐምሌ መግቢያ ድረስ ደግሞ ወሰኑ 80 ነበር።) ይሄ በሕጋቸው «ክላስ 1 ሚስዲሚነር» ነው፣ ማለትም ወንጀል ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው፤ መንጃ ፈቃድም እስከ 6 ወር ሊታገድ ይችላል። ዲኤምቪ 6 ነጥብ ይቆርጥብሃል፣ ሪከርዱም 11 ዓመት ይቀመጣል። አልከፈል ያለህም ለዚህ ነው። ላስፈራራህ ፈልጌ አይደለም፤ ሪከርዱ ንጹሕ ሆኖ በ88 የተያዘ ሰው ሲታሰር እኔ አላየሁም። ነገር ግን «ትራፊክ ነው» ብሎ ንቆ በባዶ እጁ ገብቶ ወንጀለኛ ተብሎ የወጣ፣ በኋላም የራይድ ሥራውን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

እኔ በ19 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፣ ያደረግኩትን ልንገርህ። ከዲኤምቪ የመንጃ ሪከርዴን አወጣሁ። መኪናዬን ጋራዥ ወስጄ የፍጥነት መለኪያው ትክክል መሆኑን አስመረመርኩና የጽሑፍ ማስረጃ ያዝኩ። መለኪያህ የሚያሳንስ ከሆነ ዳኛው ያንን ማስረጃ ሊሰማህ ይገባል፤ እኔ ላይ 4 ማይል አሳንሶ ይቆጥር ነበር። ላንተ ለምሳሌ 4 ማይል ብትሆን 88ቱ 84 ይሆናል፣ ከ85ቱም ከ20ውም በአንድ ማይል ታወርድሃለች! ያነሰችም ብትሆን ዳኛው ፊት ታግዛለች። ሦስተኛ፣ ማንም ሳያዘኝ የ8 ሰዓቱን የአሽከርካሪ ማሻሻያ ትምህርት ወስጄ ሰርተፍኬቱን ይዤ ቀረብኩ። ዳኛው ሦስቱን ወረቀቶች አገላብጦ ፖሊሱን አየት አደረገውና ክሱን ወደ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» ዝቅ አደረገልኝ። እሱ ወንጀል አይደለም፣ በገንዘብ የሚያልቅ ነው።

ጠበቃ ያስፈልገኛል ወይ ላልከው፣ የጥገኝነት ጉዳይ ካለህ አዎ። የትራፊክ ጠበቃው ክሱን ይያዝልህ፣ ለኢሚግሬሽን ጠበቃህም ከቀጠሮው በፊት ንገረው፣ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ነገ ዜግነት ስትጠይቅ ፎርሙ ስለ ክስና ቅጣት ይጠይቅሃል፤ የዳኛው ውሳኔ ኮፒ ያኔ ያስፈልግሃልና አትጣለው። አቅሙ ከሌለህና እስር የሚያሰጋ ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲመድብልህ ዳኛውን መጠየቅ ትችላለህ። ጠበቃ ለመፈለግ ጊዜ ስጡኝ ብትልም ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይሰጣሉ።

ሌላው፣ ከመኪና መውረዱን ዳግመኛ እንዳታስበው። እጅህን መሪው ላይ አድርገህ ተቀመጥ። «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው» ማለታችንም ለእኛ ጨዋነት ነው፣ እሱ ግን ማስታወሻው ላይ ይጽፈውና ዳኛው ፊት ያነበዋል።

እህታችሁ ከስፕሪንግፊልድ፦

እኔ የምነግራችሁ ስለ ቀኑ ነው። ወረቀቴ ላይ 05/06 ይላል። እኔ እንደ ልማዳችን ቀኑን አስቀድሜ ሰኔ 5 ብዬ ያዝኩ፣ ለካ ሜይ 6 ነው። አንድ ወር ሙሉ በሰላም ስኖር ዳኛው በሌለሁበት ፈርዶብኝ ኖሯል። የኔ ተራ ስፒዲንግ ስለነበር እንጂ ያንተ ዓይነት ቢሆን የመያዣ ትዕዛዝ ሊወጣብኝ ይችል እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ከፍርዱ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል አሉኝና አመለከትኩ፣ ተከፈተልኝ። ስምህን አስገብተህ ቀጠሮህን የምታይበት የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ በነጻ አለ፣ ዛሬውኑ እይ። 9:30 ማለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ መኪና ማቆሚያና ፍተሻ ስላለ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድረስ።

ስልክህን መኪና ውስጥ ተወው፣ ብዙ ቦታ አያስገቡም። ግድግዳው ላይ ዝርዝር አለ፣ በአባትህ ስም ፈልግ። ዳኛው ሲጠራህ ደግሞ ስምህን አታውቀውም፣ ጆሮህን አቁም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እስከ ቀጠሮው አምስት ሳምንት አለኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለፍርድ ቤት ግን እንጃ። የባለቤቴ ወንድም ጎበዝ ነው፣ እሱ ያስተርጉምልኝ?

የድሮው ታክሲ ነጂ፦

አይሆንም፣ ዘመድ አይቀበሉም፣ አንተም አትፈልገውም። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ነው። አሁን ለክለርክ ቢሮ (ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት) ደውለህ አማርኛ ብለህ አስመዝግብ፣ ጠበቃ ከያዝክ እሱ ያስመዘግብልሃል። እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ኩራት እዚያ አይሠራም። ዳኛው በፍጥነት አንድ ነገር ይጠይቅሃል፣ አንተ በአክብሮት «የስ ሰር» ትላለህ፣ ለካ የጠየቀህ ጥፋተኛ ነህ ወይ ብሎ ነው። ምርጫህ ሦስት ነው፦ ጥፋተኛ ነኝ፣ አይደለሁም፣ አልከራከርም። የትኛውን እንደምትል ከጠበቃህ ጋር ቀድመህ ወስን። ፍርዱ ካልተስማማህ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪት ኮርት (ወደ በላይኛው ፍርድ ቤት) ይግባኝ ብትል ጉዳዩ ከዜሮ ይታያል።

ጠያቂው፦

ዛሬ ቀርቤ መጣሁ። መለኪያዬ የሚያሳንሰው 2 ማይል ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ትምህርቱን ግን ጨርሼ ነበር፣ ሪከርዴም ባዶ ነው። ጠበቃው ከፖሊሱ ጋር ኮሪደር ላይ ሦስት ደቂቃ ቢያወሩ ነው፤ ከዚያ ገብተን ወደ ተራ ስፒዲንግ ዝቅ ተደረገልኝ። ቅጣቱና የፍርድ ቤት ወጪው ተደምሮ ከጠበቃው ክፍያ ያንሳል። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፣ የጎንደር ልጅ ናት መሰለኝ፣ እንዲያው ድምፅዋን ስሰማ ጉልበቴ ጸና። የኢሚግሬሽን ጠበቃዬ የውሳኔውን ኮፒ ጠይቆኛል፣ ነገ አወጣለሁ።

ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ ነበር። ስመለስ እናቴ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላልኝ ኖሯል፣ አሁን ጥላውን ማን ይገዛል በሚለው እየተከራከርን ነው።

የድሮው ታክሲ ነጂ፦

አንተ ነሃ! የተፈታኸው አንተ።

እህታችሁ ከስፕሪንግፊልድ፦

የከፈልክበትን ደረሰኝም አስቀምጥ።